የመገጣጠሚያን ሙቀት ካሜራ ሲያነበው፦ ለአርትራይተስ ሕመምተኞች የተጻፈ ተሞክሮ

ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ከሁሉ የሚከብደው ሕመሙን መናገር ሳይሆን የተናገረውን ማሳየት ነው። ጠዋት ጣቶቼ ተገትረው እንደምነቃ፣ የቀኝ እጄ አንጓ ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ እንዳደረ እናገራለሁ፤ ሐኪሜም በጥሞና ሰምታ ትጽፋለች። ይሁንና በቀጠሮው ሰዓት እብጠቱ ጎድሎ፣ የደም ምርመራውም ደህና ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ሁለታችንንም አንድ ጥያቄ ይይዘናል፦ ይህ ሕመም አሁን ከሚነድ ብግነት (መገጣጠሚያን ከሚያሳብጥና ከሚያሞቅ የሰውነት ምላሽ) የመጣ ነው ወይስ የቀድሞው ብግነት ጥሎት ከሄደው ጉዳት? መድኃኒት ይጨመር፣ ይለወጥ ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለው በመልሱ ስለሚወሰን በግምት የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም።

የሙቀት ካሜራ ወደ ሕክምናዬ የገባው በዚሁ ጥያቄ በኩል ነው። የምከታተልበት ክሊኒክ የእጅና የጉልበት መገጣጠሚያዎችን በኢንፍራሬድ ካሜራ እያነሳ ውጤቱን ከአልትራሳውንድ ጋር ያስተያይ ነበርና ሐኪሜ ፈቃደኛ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ተስማማሁ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየተነሳሁ ቆይቻለሁ። ለዚህ ምርመራ የተላከ ወይም ወሬውን ሰምቶ "ይጠቅመኝ ይሆን?" የሚል ሰው ቢያውቀው የምለውን እዚህ እጽፋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ይህን ልበል፦ የምስሉ ቀለም ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው የዛሬ ምስልዎ ከራስዎ የቀደመ ምስል ጋር፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተነስቶ ሲስተያይ ነው። ቀሪው ጽሑፍ በአብዛኛው የዚህ ማብራሪያ ነው።

ሙቀት የብግነት የቆየ ምልክት ነው። ሮማዊው ኬልሱስ ከ2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መቅላትን፣ ማበጥን፣ መጋልንና መታመምን አንድ ላይ አድርጎ ጽፏቸዋል። በእኛ በሽታ መቅላቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይወጣም፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጭራሹን ላይታይ ይችላል። እብጠቱን ሐኪም በጣቶቹ ይዳስሰዋል፤ ሕመሙን ጠይቆና ጫን አድርጎ ያውቀዋል። ሙቀቱን ግን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ "ይህኛው ሞቅ ብሏል" ከማለት አያልፍም። የዛሬውን "ሞቅ ብሏል" ከወራት በኋላ ከሚነገር ሌላ "ሞቅ ብሏል" ጋር ማስተያየት አይቻልም። የካሜራው ጥቅም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ምስሉን ለመረዳት ይረዳል። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍን ሲኖቪየም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይህን ሽፋን ያወፍረዋል፤ በውስጡም አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። ከሰውነት መሃል 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሆኖ የሚመጣው ደም በብዛት ሲፈስበት፣ በተፈጥሮው ቀዝቀዝ ብሎ የሚኖረው መገጣጠሚያ ይሞቃል፤ ሙቀቱም እስከ ቆዳ ይዘልቃል። የጤነኛ ጉልበት ውስጠኛው ክፍል ከ32 እስከ 33 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በከባድ ብግነት ጊዜ ወደ 36 ሊጠጋ ይችላል። ይህም ምልክት ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት የመገጣጠሚያን ለስላሳ አጥንት የሚያፈርሰው ኢንዛይም በ36 ዲግሪ ከ33 ዲግሪው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ እንደሚሠራ አሳይቷል። "ማቃጠሉን ቻል አድርጊው፣ ያልፋል" የሚሉኝ ዘመዶቼ ይህን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ዝም ብሎ አያቃጥልም፤ እየተበላ ሊሆን ይችላል።

ካሜራው ራሱ ወደ ሰውነት የሚልከው ምንም ነገር የለም። ሙቀት ያለው ሁሉ በዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃል፤ ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ወዲያ ማዶ ባስቀመጠ ጊዜ ያገኘው ይህንኑ ነው። ካሜራው ቆዳችን የሚለቀውን ተቀብሎ ወደ ምስል ይቀይረዋል። ስለዚህ መርፌ የለው፣ እንደ ራጅ የሚያሳስብ ጨረር የለው፤ ደጋግሞ መነሳት ጉዳት የለውም። የሰው ቆዳ ጠቆረም ቀላም ይህን ጨረር የሚለቅበት መጠን፣ ሙሉው 1 ቢባል፣ ያው 0.98 ገደማ መሆኑ ደግሞ ለብዙዎቻችን ትልቅ ነገር ነው፤ በዓይን የማይታየው መቅላት እዚህ ላይ እንቅፋት አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያምታታል። ጥሩ የሙቀት ካሜራ በአንድ ምስል ውስጥ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል ከ0.1 ዲግሪ ያነሰ ልዩነት ይለያል። የአንዱን ነጥብ ትክክለኛ ሙቀት ሲናገር ግን በተለመዱት ካሜራዎች እስከ 2 ዲግሪ ሊስት ይችላል። ስለዚህ "አንጓዎ 34 ዲግሪ ነው" ከሚለው ይልቅ "አንጓዎ ከክንድዎ በ1 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል" የሚለው ይታመናል። እኔም ውጤት ስቀበል የምጠይቀው ልዩነቱን ነው፤ ከየትኛው ቦታ ጋር ተነጻጽሮ እንደተገኘም እጠይቃለሁ።

ክፍሉ ጠበብ ያለ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ምንም ነፋስ የማይገባበት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 22 ወይም 23 ዲግሪ ያሳያል። ባለሙያው ቀለበቴንና ሰዓቴን አስወልቆ፣ እጅጌዬን እስከ ክርን አስጠቅልሎ ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። "እጆችዎን እርስ በርስ አያገናኙ፤ ጭንዎም ላይ አያሳርፏቸው" ይላል፤ እጆቼን በአየር ላይ ዘና አድርጌ 15 ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ይህ ጥበቃ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ቆዳ የመንገዱን ፀሐይ ወይም ብርድ ይዞ ይገባል፤ እስኪረጋ ካልተጠበቀ ካሜራው የሚያነበው መንገዱን ነው እንጂ መገጣጠሚያውን አይደለም።

ትንሽ ነገር እንኳ ምስሉን እንደሚያዛባ የተረዳሁት ከስክሪኑ ነው። መጀመሪያ የተነሳሁ ጊዜ ባለሙያው እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እንዳነሳው ነገረኝና ባዶውን ጠረጴዛ በካሜራው አሳየኝ። አምስት ጣቶቼና መዳፌ ጠረጴዛው ላይ ብሩህ ሆነው ቀርተዋል፤ ቀስ በቀስ ከጣቶቹ ጫፍ ጀምረው እየደበዘዙ ጠፉ። ጥቂት ሰከንድ መንካት ይህን ያህል አሻራ ከተወ ጭን ላይ ያረፈ እጅ ምን ያህል እንደሚያሳስት ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ቀለበቴን ዘግይቼ ያወለቅሁ ዕለትም የቀለበት ጣቴ ዙሪያውን ከቀሪው ቆዳ የተለየ መስመር ይዞ ታይቷል።

የእጆቼ ምስል ሲመጣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጣቶቹ ላይ ነው፤ ባለሙያው ግን ወደ አንጓው ወሰደኝ። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን አስቀመጠ፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ውስጥ ያለውን አማካይና ከፍተኛ ሙቀት አወጣ። የቀኝ አንጓዬ ከግራው ከ1 ዲግሪ በላይ ይሞቅ ነበር። በጤነኛ ሰው ግራና ቀኝ ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። በዚያው ሰሞን የተሠራልኝ ሲአርፒ የሚባለው፣ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ ከጤነኛው ወሰን አላለፈም ነበር። ሐኪሜ ምስሉን አይታ ብቻ አልወሰነችም፤ አልትራሳውንድ አዘዘች። የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር ሲታይ የቀኝ አንጓዬ ሲኖቪየም ወፍሮ፣ በውስጡም ደም ሲፈስ ተገኘ። ሌሊቱን የሚያነቃኝ ነገር ስም አገኘ፤ ለአርትራይተሱ የምወስደው የሜቶትሬክሴት መጠንም ተስተካከለ። (ይህን መድኃኒት አዲስ የጀመራችሁ ካላችሁ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚወሰድ ደግማችሁ አረጋግጡ፤ በየቀኑ መውሰድ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።)

ከዚህ ላይ አንባቢ "ታዲያ ግራና ቀኝን ማስተያየት ይበቃል" ሊል ይችላል። አይበቃም፤ ብዙ ጽሑፎች የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሁለቱንም ወገን እኩል መያዝ የሚወድ በሽታ ነው። ሁለቱም አንጓዎች አብረው ከነደዱ ልዩነታቸው ዜሮ ይሆናል፤ ምስሉም "ሁሉ ሰላም" የሚል ይመስላል። በእኔ የታየው ልዩነት የታየው ቀኙ ስለባሰበት ብቻ ነው። በኋላ ሁለቱም አንጓዎች አብረው የነደዱብኝ ጊዜ ነበር፤ ያን ጊዜ ያዳነን በደህናዬ ወራት የተነሳው ምስል ነው። ስለዚህ ደህና በሆናችሁበት ጊዜ አንድ ምስል እንዲነሳላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሰው በታመመበት ቀን ይመጣል እንጂ ደህና የሆነበትን ቀን ለማስመዝገብ ወረፋ አይይዝም፤ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ግን የዚያ ቀን ምስል ነው።

ጉልበት ለየት ይላል። የጤነኛ ጉልበት ሎሚ ከዙሪያው ጡንቻ ቀዝቅዞ ነው የሚታየው፤ አጥንቱ ለቆዳ ቅርብ ስለሆነና በላዩ ጡንቻ ስለሌለ በምስሉ ላይ መሃሉ ጨለም ያለ ክብ ይሠራል። ብግነት ሲነሳ ያ ክብ እየሞቀ ከዙሪያው ጋር ይመሳሰላል ወይም ይበልጠዋል። ይህን በቤታችሁም መሞከር ትችላላችሁ፦ የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ጭናችሁ ላይ፣ ቀጥሎ የጉልበታችሁ ሎሚ ላይ አድርጉ። ሎሚው ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ቅዝቃዜው ጠፍቶ ስታገኙት በሚቀጥለው ቀጠሮ የምትናገሩት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደከበደኝ ክፍል ልምጣ። መድኃኒቱ ከተስተካከለ በኋላ አንጓዬ በተከታታይ ምስሎች እየቀዘቀዘ ሄደ፤ እንቅልፌም ተመለሰ። የመሃል ጣቴና የአመልካች ጣቴ ሥር ያሉት መገጣጠሚያዎች ግን ማመማቸውን አልተዉም። ማሰሮ ክዳን ለመክፈት፣ ቁልፍ ለማዞር፣ ብዕር አጥብቆ ለመያዝ እቸገር ነበር። ለቀጣዩ ምስል የሄድኩት "አሁን ይታይልኛል" ብዬ ነው። ምስሉ ሲመጣ እነዚያ መገጣጠሚያዎች ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ከደህናዬ ወራት ምስል ጋርም እኩል።

ማዘኔን አልደብቅም። ሰው ለዓመታት ሕመሙ እንዲታመንለት ሲታገል ቆይቶ "ምንም አይታይም" የሚል ማሽን ሲገጥመው ልቡ ይሰበራል። ሐኪሜ ፊቴን አይታ ወንበሯን አቀረበችና "ሕመምዎ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ የምንጠይቀው ምንጩን ብቻ ነው" አለችኝ። ራጁን አውጥታ በእነዚያ ጣቶች ሥር በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደጠበበ አሳየችኝ። ብግነቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያደረሰው ጉዳት ነው። አልትራሳውንዱም ገባሪ ብግነት አላገኘም። ስለዚህ መድኃኒት መጨመሩ ለጣቶቼ የሚፈይደው አልነበረም፤ ለጉበቴና ለበሽታ መከላከያዬ ግን ሸክም ይሆን ነበር። በምትኩ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተላክሁ፤ ለሥራ ሰዓት የጣት መደገፊያ ተሠራልኝ፤ እጀታቸው ወፈር ያሉ ዕቃዎችን መጠቀም ጀመርኩ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ቀንሷል። የሙቀት ካሜራ ካደረገልኝ ነገር ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፦ የማያስፈልገኝን መድኃኒት እንዳልወስድ ረዳኝ።

ይህን ስል ግን ቀዝቃዛ ምስል ሁልጊዜ "ብግነት የለም" ማለት እንዳልሆነ አብሬ መናገር አለብኝ። ካሜራው የሚያየው ቆዳን ነው። ዳሌ በጡንቻና በስብ ስለተሸፈነ ውስጡ ቢነድም ላዩ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎችም እንዲሁ። ስብ ሙቀትን ያግዳል። ሬይኖ የሚባለው ችግር ያለባቸው ሰዎች፣ ማለትም ጣቶቻቸው በብርድ ጊዜ የሚነጡና የሚደነዝዙ፣ የደም ሥሮቻቸው ስለሚጨማደዱ ጣቶቻቸው በምስሉ ላይ ጨልመው ይወጣሉ፤ ከሥሩ ብግነት ቢኖርም ይሸፈናል። ይህ ችግር ካለባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ተናገሩ። የሚገርመው የሙቀት ካሜራ ሬይኖን ራሱን ለመመርመር ይጠቅማል፤ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞቅ ይለካበታል። ግን ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሞቃት ምስልም ቢሆን ምክንያቱን አይናገርም። ሪህ፣ በጀርም የተመረዘ መገጣጠሚያ፣ አዲስ የደረሰ ጉዳት፣ ሩማቶይድ፤ ሁሉም ይሞቃሉ። በተለይ አንድ መገጣጠሚያ ብቻውን በድንገት ቢያብጥ፣ ቢግል፣ መንካት እስኪያቅት ቢያም፣ ትኩሳትም ቢኖር የምስል ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች ትኩሳቱ ላይጎላብን ስለሚችል ትኩሳት የለም ብለን መዘግየት የለብንም። የተመረዘ መገጣጠሚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።

ስለ ቀለም የተናገርኩትን እዚህ ላይ ላብራራ። ምስሉ ላይ ያለው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ካሜራው ያየው አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የቀባው ነው። ብዙ ካሜራዎች በራሳቸው ከተተዉ በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ ያለውን ከሁሉ የሚሞቀውን ነጥብ ቀይ፣ ከሁሉ የሚቀዘቅዘውን ሰማያዊ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከ28 እስከ 35 ዲግሪ በተዘረጋ ምስል ላይ ያለው ቀይና ከ30 እስከ 32 ዲግሪ በተዘረጋ ምስል ላይ ያለው ቀይ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ፍጹም ጤነኛ የሆነ እጅ በዚህ መንገድ እንደ ፍም ሊታይ ይችላል።

አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ መላ ሰውነትን በሙቀት ካሜራ አንስቶ "የብግነት ካርታ" እያለ ይሰጥ ነበር። አብራኝ የምትታከም ሴት ውጤቷን ይዛ መጣችና አየሁት። በወረቀቱ ዳር የዲግሪ መለኪያ የለም፤ የክፍሉ ሙቀት አልተጻፈም፤ ምን ያህል እንደጠበቀችም አልተመዘገበም። ጉልበቷ፣ አንገቷና ትከሻዋ በቀይ ተከበው የምትወስደውን መድኃኒት እንድታቆምና በምትኩ ሌላ ነገር እንድትገዛ ተመክራለች። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ምስሉ ጥፋት የለበትም፤ ሕመምተኛን ከሕክምናው የሚያስወጣ ምክር ግን ክፉ ነው። አርትራይተስ ላይ ያለው ጉዳት ዝግ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በጡት ካንሰር ምርመራ ረገድ የሙቀት ምስል ማሞግራፊን እንደማይተካ ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ መሣሪያው በየትም ቦታ ቢሆን ረዳት እንጂ ብቸኛ ፈራጅ አይደለም። ምስል ሲሰጣችሁ ዳሩ ላይ የዲግሪ መለኪያ መኖሩን እዩ፤ ካለፈው ምስል ጋር አንድ ዓይነት መለኪያ መሆኑን ጠይቁ። ይህን ሊመልስ የማይችል ቦታ ለመገጣጠሚያ ክትትል አይሆንም።

ከስልክ ጋር የሚገጠሙ ትናንሽ የሙቀት ካሜራዎችም አሉ። ጠይቀውኝ የሚያውቁ ሰዎች አሉና ሐሳቤን ልስጥ፦ መድኃኒት ለመጨመርና ለመቀነስ አይደገፉባቸው። የቤት ክፍል ሙቀት ይቀያየራል፤ ርቀቱና አቅጣጫው አይጠበቅም፤ ስሜትም ይገባበታል፣ ሕመም ሲብስብን ብዙ እናነሳለን። ለሐኪም የሚታይ ማስታወሻ ከሆነ ግን፣ መለኪያው ተቆልፎ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ከተነሳ አይከፋም።

የሙቀት ምስልን ወደ ቁጥር መቀየር አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ ባዝ ከተማ ፍራንሲስ ሪንግ፣ ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው የመገጣጠሚያን የሙቀት ምስል ወደ አንድ ቁጥር የሚያጠቃልል መለኪያ ሠርተው የአርትራይተስ መድኃኒቶች መገጣጠሚያን ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዙ ይከታተሉበት ነበር። ካሜራው ያን ጊዜ ግዙፍና ውድ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ይያዛል። ያም ሆኖ በሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ዋናውን ቦታ የያዙት አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ናቸው፤ ጥልቀትን ያያሉና። የመገጣጠሚያው ለስላሳ አጥንት እያለቀ በሚመጣው በሌላው የአርትራይተስ ዓይነት፣ በኦስቲዮአርትራይተስ፣ የሙቀት ምስል ውጤት ወጥ አይደለም፤ ያ ዓይነት ያለባችሁ ከእኔ ታሪክ ብዙ አትጠብቁ።

ለመነሳት የሚሄድ ሰው ማድረግ ያለበት ብዙ አይደለም፤ ግን ሁሉም ያስፈልጋል። በዚያን ቀን እጅና ጉልበት ላይ ቅባት አይቀባም። ቡናና ሲጋራ የደም ሥሮችን ጠባብ ስለሚያደርጉ ከጥቂት ሰዓት በፊት ይቆማሉ። ሙቅ ገላ መታጠብ፣ ስፖርት፣ ማሸት፣ በረዶ ወይም ሙቅ ጨርቅ ማድረግ ለሌላ ቀን ይተዋል። መደገፊያና ጠባብ ካልሲ አስቀድሞ ይወልቃል። የሰውነት ሙቀት ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ስለሚል ቀጠሮው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ እኔ ጠዋትን መርጫለሁ። የወር አበባ የምታይ ሴት ከዑደቱ አጋማሽ በኋላ ሙቀቷ ከፍ እንደሚል ታስታውስ። የሕመም ማስታገሻን በራስ ፈቃድ ማቆም አያስፈልግም፤ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ግን ይነገር፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋም ቀኑን ይናገር። ጉንፋን ይዞኝ ትኩሳት ካለኝ ቀጠሮውን አስተላልፋለሁ።

ትንሽ ደብተር አለኝ። ከእያንዳንዱ ምስል ጎን ያን ቀን የትኛው መገጣጠሚያ እንዳመመኝ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ ተገትሬ እንደቆየሁ፣ ምን እንደወሰድኩ ምስሉን ሳላይ በፊት እጽፋለሁ። ምስሉን ካየሁ በኋላ ብጽፍ ቀይ ያየሁትን ቦታ "አሞኝ ነበር" ማለቴ አይቀርም፤ ሰው ነኝና። ሐኪሜ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። የሚስማሙበት ቦታ አለ፤ የማይስማሙበትም አለ። የማይስማሙበት ቦታ ላይ ነው ብዙ የምንነጋገረው።

አሁን የቀረኝ እግሬ ነው። ሐኪሞች የበሽታውን እንቅስቃሴ ለመለካት የሚጠቀሙበት ዲኤኤስ 28 የሚባለው መለኪያ 28 መገጣጠሚያዎችን ይቆጥራል፤ ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣቶች ግን ከእነዚያ ውስጥ የሉም። ውጤቴ ከ2.6 በታች ወርዶ "በሽታው ጋብ ብሏል" በተባልኩበት ሰሞን እንኳ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የእግሬ ጣቶች ሥር ጠጠር የረገጥኩ ያህል ያመኝ ነበር። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱም እግሮቼ እንዲነሱ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ባለሙያው እግር ከጫማ ከወጣ በኋላ ለመርጋት ከእጅ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል ስለነገረኝ ቀደም ብዬ ደርሼ፣ ጫማና ካልሲዬን አውልቄ እጠብቃለሁ። እግሩ የሚያመው ሰውም ቁጥሩ ጥሩ ነው ሲባል ዝም እንዳይል፤ "እግሬስ ታይቷል?" ብሎ ይጠይቅ።